ባሕርን ሳሎን ማስገባት፦ ለጀማሪ የሚስማማው የጨው ውሃ ገንዳ የቱ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የቤት ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ገንዳዎችን ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። አንደኛው በተለምዶ «ሃምሳ አምስት» የሚባለው ነው። 55 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 208 ሊትር ይይዛል፤ ርዝመቱ 122 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 53፣ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋቱ ደግሞ 33 ነው። ሁለተኛው «አርባ ብሪደር» ይባላል፤ ዓሣ ለሚያራቡ ሰዎች ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ነው ይህን ስም ያገኘው። 40 ጋሎን ወይም 150 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ልኩም 91 በ46 በ41 ነው። የጀማሪው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ላይ ያርፋል። ግድግዳውን ይሞላል፣ ግርማ አለው፣ የሊትሩም ቁጥር ይበልጣል። ሜትር አውጥቶ ወለላቸውን የለካ ሰው ግን ያልጠበቀውን ያያል፦ የሃምሳ አምስቱ ወለል 4,026 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሲሆን የአርባው 4,186 ነው። በሃምሳ ምናምን ሊትር የሚያንሰው ገንዳ በወለል ይበልጣል።

ለጨው ውሃ ጀማሪ የትኛው ገንዳ ይሻላል የሚለው ክርክር ሲነሳ ሁሉም ከሊትር ይጀምራል። ሊትር ቁም ነገር ነው። ዓሣው የሚኖርበትን ግዛት፣ ድንጋዩ የሚደረደርበትን ቦታ፣ ውሃው ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ገጽ የሚወስነው ግን ወለሉ ነው። በሱቅ ብዙም የማይጠየቀው ደግሞ እሱ ነው።

የውሃውን ገጽ ጉዳይ የባሕር ፍጥረትን ቤት ያስገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በጉልበት ነበር የተወጡት። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ኮራል ሰብስባ ወደ ለንደን ወሰደች። ያኔ ፓምፕም ኤሌክትሪክም የለም። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መልሳ መላልሳ ትገለብጠው ነበር፤ በየቀኑ፣ ክንዷ እስኪዝል። ዛሬ ያንን ሥራ ፓምፕ ይሠራዋል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ኦክስጅን ወደ ውሃ የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚወጣው በገጹ ነው። ረጅምና ጠባብ ገንዳ ብዙ ውሃ ይዞ ትንሽ ገጽ ይኖረዋል፤ እንደ ጠባብ አንገት እንስራ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይመለከተዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ምጽዋ ላይ ወይም ዱባይ ላይ ለሁለት ዓሦች የሚበቃው ገጽ እዚህ ላይበቃ ይችላል። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል፤ ዓሣው ያለው ውሃው ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገንዳ የሚያቆም ሰው ሰፊና ዝቅ ያለ ገንዳ ቢመርጥ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ከጎኑ ቢያስቀምጥ የብዙ ፍጥረት ነፍስ ያተርፋል።

ወለሉ የሚፈለግበት ሌላው ምክንያት ድንጋዩ ነው። በወንዝና በሐይቅ ውሃ ገንዳ ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚንጠለጠል ሳጥን ነው። በጨው ውሃ ግን ዋናው ማጣሪያ ድንጋዩ ራሱ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንን ለዓለም ጻፈ፦ ከኮራል ሪፍ የመጣ ሕያው ድንጋይ፣ የባሕር ውሃና ትንሽ የአየር አረፋ ካለ ገንዳው በራሱ ይኖራል አለ። በጀርመን ደግሞ በ1970ዎቹ የበርሊን ሰዎች ዘዴውን አሻሻሉት፤ ድንጋዩ ላይ ስኪመር የሚባለውን፣ ቆሻሻን በአረፋ ገፍቶ የሚያወጣውን መሣሪያ ጨመሩ። ዛሬም ጀማሪዎች የሚከተሉት መንገድ ከዚያ የመጣ ነው። በድንጋዩ ቀዳዳ ሁሉ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው እዳሪ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል።

እንግዲህ ለ150 ሊትር ገንዳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ድንጋይ ያስፈልጋል እንበል። ይህ ድንጋይ 33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ያለው ዕድል አንድ ነው፦ ግድግዳ መሆን። ከኋላ መስታወት ጋር ተጣብቆ ይቆለላል፤ ከጀርባው ውሃ አይዘዋወርም፤ ቆሻሻው እዚያ ተከማችቶ ይበሰብሳል። ከፊት ለማጽዳት ለሚገባው እጅም ቦታ አይበቃውም። በ46 ሳንቲ ሜትሩ ገንዳ ግን ድንጋዩ መሐል ላይ እንደ ደሴት ይቆማል፤ በአራቱም ጎን ውሃ ያልፋል፤ ዓሣው ይዞረዋል፣ ከሥሩ ይሸሸጋል፣ በሌላው በኩል ብቅ ይላል። የሃምሳ አምስቱን ርዝመት ከሰፊ ወለል ጋር የሚፈልግ ሰው «ሰባ አምስቱን» ማየት አለበት፤ ርዝመቱና ቁመቱ ያው ሆኖ ስፋቱ ወደ 46 ያደገ፣ 284 ሊትር የሚይዝ ነው። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዳ የሚለካው በሳንቲ ሜትር ስለሆነ ጋሎኑን ለማስላት መቸገር አያስፈልግም፤ 90 በ45 በ45 የሆነው ገንዳ የአርባ ብሪደር ቅርብ ዘመድ ነው።

ወደ ሊትሩ እንምጣ። «ለጀማሪ ትልቅ ይሻላል» የሚለው አባባል መነሻው የጨው ጠባይ ነው። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ ውሃው በጎደለ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። 40 ሊትር ከሚይዝ ትንሽ ገንዳ በቀን ግማሽ ሊትር ይተናል እንበል። ገጹ አራት እጥፍ ከሚሰፋው ከ284 ሊትሩ ደግሞ ሁለት ሊትር ይተናል። ባለቤቱ ለፋሲካ ክፍለ አገር ሄዶ በሳምንቱ ሲመለስ ትንሹ ገንዳ ከ35 ተነስቶ ወደ 38.4 ደርሷል፤ ትልቁ 36.8 ላይ ነው። ትልቁ የበለጠ ውሃ ቢያጣም የተናወጠው ትንሹ ነው። ገጹ በአራት እጥፍ ሲያድግ ውሃው በሰባት እጥፍ ስለሚያድግ ነው ይህ የሆነው። ዓሣ ይህንን ይቋቋም ይሆናል። ኮራልና ሽሪምፕ ግን እንዲህ ያለ መዋዠቅ ይጎዳቸዋል።

ይህንን በዓይን ማየት የሚፈልግ ጀማሪ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል። ገንዳው በሞላ ቀን ጠዋት የውሃው ጠርዝ በደረሰበት ልክ ከውጭ በኩል ቁራጭ ፕላስተር ይለጥፋል። በማግስቱ ውሃው ከፕላስተሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዚያ በላይ ባለው መስታወት ላይ ደግሞ ነጭ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር የጨው ቅርፊት ይቀራል። የጎደለው በጨው ውሃ አይሞላም፤ ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው የሚሞላው። የብዙ ጀማሪ ገንዳ የሚበላሸው የጎደለውን በባሕር ውሃ ሲተካ ነው፤ ጨው በጨው ላይ ይደራረባል።

የትንንሽ ገንዳ ወዳጆችም መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊደመጥ የሚገባው ነው። ከ40 ሊትር ገንዳ አንድ አምስተኛውን ውሃ መቀየር ማለት 8 ሊትር፣ አንድ ባልዲ ማለት ነው፤ የሚፈጀውም ጨው ወደ 300 ግራም ነው። ከ284 ሊትሩ አንድ አሥረኛውን ብቻ መቀየር 28 ሊትር ያህል ውሃ ማዘጋጀት፣ ማሞቅና ማንሳት፣ ከአንድ ኪሎ በላይ ጨውም መበጥበጥ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይህንን በየሳምንቱ ያደርገዋል ወይ? ካላደረገው ትልቅነቱ አይጠቅመውም። ትንሿ ገንዳ በየቀኑ ዓይን የምትፈልግ ናት፤ ትልቁ ደግሞ ጉልበትና ገንዘብ። ችኩል ያልሆነ፣ በየማለዳው ውሃ የሚጨምር ሰው በ50 ሊትር ውስጥ ቆንጆ ነገር ሊያሳድግ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ገና ያልለመደ ጀማሪ ግን ስህተቱን የሚሸከምለት ውሃ ያስፈልገዋል። አንድ ዓሣ በሌሊት ሞቶ ሳይታይ ቢያድር በ40 ሊትር ውስጥ የሚለቀው አሞኒያ ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በ150 ሊትር ውስጥ ድንጋዩ ለመቋቋም ጊዜ ያገኛል።

ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ ፍርድ መሐል ላይ ያርፋል፦ ከ120 እስከ 200 ሊትር፣ ስፋቱ ከ45 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ ቁመቱ ከ45 ብዙ የማያልፍ። ቁመቱ ለምን? መብራት ጥልቅ በሄደ ቁጥር ይደክማል፤ ለጥልቅ ገንዳ ብርቱ፣ ውድ መብራት ይገዛል። ክንድም አለ። 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ገንዳ ውስጥ የወደቀ ኮራል ለማንሳት እስከ ብብት መነከር ግድ ነው።

ዓሣውም ድምፅ አለው በዚህ ምርጫ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለው ፊልም ሁለት ዓሦችን በልጆች ልብ አስቀመጠ፤ ብርቱካናማው ክላውንፊሽና ሰማያዊው ታንግ። ልጆች ሁለቱን አብረው ይጠይቃሉ። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ግን ሁለቱ ለአንድ የጀማሪ ገንዳ እንደማይሆኑ ነው። ብርቱካናማው ሲያድግ ከ8 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከቤቱ ርቆ አይሄድም፣ ጥንድ ሆኖ በ100 ሊትር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ ሲራባ ስለቆየ ከባሕር ማስያዝም አያስፈልግም። ሰማያዊው ታንግ በሱቅ ሲታይ የአውራ ጣት ያህላል፤ ሲያድግ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች 183 ሳንቲ ሜትር ከማይሞላ ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ ይመክራሉ። በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደገውም በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው። የቀይ ባሕሩን፣ በምጽዋና በዳህላክ ዙሪያ የሚገኘውን ባለ ሁለት ነጭ መቀነት ክላውን የሚወድ ሰውም ከፊልሙ ዓሣ ጋር አያምታታው፤ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ግዛቱንም አጥብቆ ይጠብቃል። ገንዳ ከመግዛት በፊት የሚፈለጉትን ዓሦች ስም በወረቀት መጻፍና ሲያድጉ የሚደርሱበትን ልክ ከጎኑ ማስፈር ከሻጭ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

መስታወት ወይስ አክሪሊክ? አክሪሊክ ከመስታወት በግማሽ ያህል ይቀላል፣ እንደ ተራ መስታወት አረንጓዴ አይመታም፣ ሲመታም በቀላሉ አይሰበርም። ችግሩ በጨው ውሃ ውስጥ ይመጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግድግዳው ላይ ሐምራዊ፣ እንደ ኖራ የጠነከረ አልጌ ይበቅላል፤ እሱን ለመፋቅ ምላጭ ያስፈልጋል። መስታወት ምላጩን ይችለዋል፤ አክሪሊክ ይቧጠጣል። የማጽጃው ማግኔት ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጭረት ትተዋለች፤ መብራቱ ሲበራ ከዓሣው በፊት የሚታየው እሱ ነው። ለጀማሪ መስታወት ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የማጣሪያው ቦታ ነው። ሦስት መንገድ አለ። ባዶ ገንዳ ገዝቶ ማጣሪያውን ከኋላ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ሽቦውና ሳጥኑ ግን ዓይን ያጨናንቃል። ሁለተኛው በአንድ የተሟላ የሚባለው ነው፤ የኋላው ክፍል በጥቁር መስታወት ተከፍሎ ፓምፑ፣ ማሞቂያውና ማጣሪያው እዚያ ይደበቃሉ። ፍሉቫል ኢቮ የተባለው 52 ሊትሩ ገንዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሊትር የኋላውንም ክፍል ጨምሮ መሆኑ ነው፤ ዓሣው የሚዋኝበት ከዚያ ያነሰ ነው። ሦስተኛው ሳምፕ ነው። ገንዳው ይቦረቦርና ውሃው በቱቦ ወደ ታች፣ ካቢኔው ውስጥ ወዳለ ሁለተኛ ገንዳ ይወርዳል፤ ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። የውሃው መጠን ያድጋል፣ ማሞቂያውም ስኪመሩም ከዓይን ይሰወራሉ። መብራት በሚጠፋበት አገር ሳምፕ የሚያስገባ ሰው ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ እስከ ቱቦው አፍ ድረስ ወደ ታች ይመለሳል። በአርባ ብሪደር አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ከ4 ሊትር በላይ ነው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 12 ሊትር ተኩል ሳምፑ ውስጥ ባዶ ቦታ መጠበቅ አለበት። ካልጠበቀ ሌሊት መብራት በጠፋበት ጠዋት ምንጣፉ ርሶ ይገኛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ቆሞ ማየት።

ክብደቱን ብዙ ሰው አያስበውም። 150 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን 154 ኪሎ ነው። መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መቆሚያው ሲጨመር ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል፤ ያ ሁሉ ግማሽ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ይቆማል። የሳሎን ቡፌ ለዚህ አልተሠራም። ቡፌው በመጀመሪያው ቀን ይሸከመው ይሆናል፤ በስድስተኛው ወር መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ገንዳው ይጣመማል፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሲሊኮን ይወጠራል። ወለሉ ኮንክሪት ከሆነ መልካም ነው። ጣውላ ከሆነ ገንዳው ወራጆቹን አቋርጦ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ውሃ ልክ ከላዩ አስቀምጦ አረፋው መሐል መቆሙን ማየትም ግድ ነው። ጠርዙ በፕላስቲክ የታሰረው ገንዳ በቀጥታ መቆሚያው ላይ ይቀመጣል፤ ጠርዝ የሌለው፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው ግን ስስ የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥሩ ይፈልጋል። ገንዳ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ዓለም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2022 በርሊን ላይ አይቷል፤ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቆመው አኳዶም የተባለ የአክሪሊክ ሲሊንደር ማለዳ ተሰንጥቆ አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ወደ ጎዳናው ወጣ፣ 1,500 ገደማ ከነበሩት ዓሦች አብዛኞቹ አለቁ። የሳሎን ገንዳ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

በአገራችን ሰው ዘንድ የሚነሳ አንድ ጥያቄም አለ፦ ጨው ሞልቶን የለም ወይ? ከአፋር የሚመጣው ጨው፣ አሞሌውም ቢሆን፣ ለገንዳ አይሆንም። የምግብ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ ማግኒዚየምና ሌላም ብዙ ነገር ይዟል፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚያ ነው። ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው መግዛት የግድ ነው፤ ገንዳ የሚመርጥ ሰውም የሚያስበው ሊትር በጨመረ ቁጥር የዚህ ጨው ወጪ እንደሚጨምር ነው።

ያገለገለ ገንዳ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጀማሪም ከዚያ ይነሳል። ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ በውስጡ በመዳብ መድኃኒት ዓሣ ታክሞበታል ወይ? መዳብ ሲሊኮንና ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሊቀር ይችላል፤ ዓሣው ቢችለውም ሽሪምፑና ቀንድ አውጣው አይችሉትም። ሁለተኛ፣ መገጣጠሚያው እንዴት ነው? ጣትን በማዕዘኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ማሻሸት ነው። ሲሊኮኑ ለስላሳና የተያያዘ መሆን አለበት፤ ጫፉ በጥፍር የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም መስታወትና መስታወት በተጋጠሙበት ውስጥ ነጫጭ አረፋ ከታየ መተው ይሻላል። ይህንን ፈተና ያለፈው ገንዳ ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ፣ በውሃ ልክ በተስተካከለ ቦታ ይቀመጥና እስከ አፉ በቧንቧ ውሃ ይሞላል። ከሥሩ በአራቱም ጎን ጋዜጣ ይነጠፋል። ሁለት ቀን ይጠበቃል። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው ሲነካ ደረቅ ከሆነ፣ ቀለሙም ካልተላቀቀ፣ ውሃው ተቀድቶ ገንዳው ወደ ቤት ይገባል።